አንቺ የመረጥሽው ካሜራ

ውድ ዮሳቤጥ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ድልድዩ ተዘግቷል፣ የስልክ መስመሩም ከጠፋ ሰነበተ። ቢሆንም ካንቺ ጋር ሳልከራከር መዋል አልለመደብኝምና እጽፍልሻለሁ።

ካሜራውን የገዛን ቀን ትዝ ይልሻል? ከሠርጋችን በኋላ የሜሮዌን ፒራሚዶች አይተን እስከ ፖርት ሱዳን ልንሄድ ነበር። ለመንገድ የሚሆን፣ ኪስ የሚገባ ካሜራ ፍለጋ ሱቅ አል-ዐረቢ ገበያን ዞርን። እኔ በምሽት ብርሃን ጥርት አድርጎ የሚያነሳውን ወደድኩ፤ ዙሙ አጭር ነበር። አንቺ ዙሙ የሚረዝመውን ያዝሽና አለቅም አልሽ። ሩቅ ያለውን ማንሳት ምን ያደርግልናል፣ ጠጋ ብለን እናነሳው የለ ብዬ ሞገትኩሽ።

«እኛን ስደተኞቹን የት ነው የሚያስጠጉን ጥላዬ? ተስሪህ፣ ከከተማ መውጫ ፈቃድ እንኳ የለንም እኮ» አልሽኝ። «እኛ ካልቀረብን እሱ ያቅርብልን።»

ባለሱቁ ኦመር ሳቀና ካንቺ ጋር ወገነ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀን። «ሌንሱ የሚያቀርብላችሁ ዋላሂ እውነት ነው። ከዚያ አልፋችሁ ስትገፉት ግን ዲጂታሉ ነው የሚሠራው። እሱ ከዳብ ነው፣ ውሸታም፤ ያላየውን ያወራል።»

ጦርነቱ ሲጀመር አንቺ ማዶ ባሕሪ ሰፈር፣ እኔ ወዲህ ቡሪ ሰፈር ቀረን። መካከላችን ያለው አንድ ወንዝ ነው። እናትሽ እማማ ዘርፈሽ እግራቸውን ታመው አልጋ ላይ ስለነበሩ ጥለሻቸው መውጣት አልቻልሽም። በመጨረሻው ስልክ ምልክት ሰጠሽኝ፦ ቢጫ ቶብሽን፣ ያን እንደ ሱዳን ሴቶች የምትጣጠፊውን ረጅም ጨርቅ፣ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ታሰጪዋለሽ፣ ሲመሽ ታስገቢዋለሽ። ካየሁት ደህና ናችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ተኩሱ ሳይጀምር ጣራ ላይ ወጥቼ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ተደብቄ ካሜራውን ወደ ፎቃችሁ አዞራለሁ። ምርጫሽ አላሳፈረሽም። ቶቡ አለ። አንድ ፎቶ አነሳና ተመስገን ብዬ እወርዳለሁ። ጎረቤቴ ኦሊያድ ሲጠይቀኝ ደህና ናቸው እለዋለሁ። አንድ ጠዋት ዲጂታሉን ጭምር ገፋሁትና መስኮቱ ላይ ፊትሽን አየሁ። የኦመርን ቃል ረስቼው አይደለም፤ ቢሆንም ዓይኔን ሳልነቅል ቆየሁ።

ባለፈው ሳምንት ማታ ሀቡብ ተነስቶ ከተማውን አቧራ አለበሰው። ጠዋት ስወጣ ቶቡ እዚያው ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ። በዚያ ሁሉ ነፋስ ለምን አላስገባሽውም? ቁጭ ብዬ የቆዩትን ፎቶዎች ወደ ኋላ እየመለስኩ አየኋቸው። በሁሉም ላይ የቶቡ አንድ ጫፍ በዚያው ብረት፣ በዚያው አኳኋን ተጠምዝዟል። ቢጫው ብቻ ከፎቶ ፎቶ እየነጣ ሄዷል። ያን ዕለት ሲመሽ፣ ኦሊያድ በተኩሱ መሃል አትውጣ ብሎ እግሬ ላይ ወድቆ እየለመነኝ፣ ጣራ ላይ ወጣሁ። ቶቡ አልገባም።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ። ለካ እስካሁንም ልቤ ያውቀው ኖሯል። ከጣራው ስወርድ ኦሊያድ ልብሱን ከረጢት ውስጥ እየከተተ ነበር።

እሱ ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ ሎሪ አግኝቷል። «ያላ ጥላዬ፣ ነገ ጠዋት ነው። ከዚህ ሌላ መኪና አይመጣም» ብሎኛል። እኔ ግን ያለ አንቺ የምሄድበት አገር አይታየኝም። ናፍቀሽኛል፣ በጣም ፈርቻለሁ፣ ሌላ የምልሽ የለኝም።

ካሜራው ሊዘጋ ደርሷል፣ ባትሪውን የምሞላበት መብራትም የለም። ለአንድ እይታ ይበቃል ብዬ አጥፍቼዋለሁ። ነገ ሎሪው ሳይመጣ እወጣለሁ። ድሮ ቶቡን ሳየው ነበር ተመስገን የምለው፤ ነገ ግን ብረቱን ባዶ ካገኘሁት ከመኪናው እቀራለሁ። ቶቡ ካለ እሄዳለሁ። እንደሚኖር አውቃለሁ።

ቢሆንም ዮሲ፣ ስለ እኔ ብለሽ፣ ዛሬ ማታ አስገቢው።

ያንቺው ጥላዬ
ቡሪ