መዝጋት ረስተዋል

ለልጄ ባለቤት፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ? እንቅልፍ ይወስድሻል? የእኔ ደም ግፊት ደህና ነው፤ ትናንት ለክተውኝ እንደ ወጣት ነሽ ብለውኛል። ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው፤ ቆይተሽ ታይዋለሽ። በኮምፒውተር ያልጻፍኩልሽ በእሱ በኩል ማን ለማን እንደሚጽፍ ስለጠፋብኝ ነው። ብዕር ይሻላል። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ታግሰሽ አንብቢ።

ልጄ አሮጌ ኮምፒውተሩን ትቶልኝ ወደ እናንተ ከተማ ሲመለስ፣ «እማ፣ ጡረታ ስትወጪ ከግድግዳ ጋር እንዳታወሪ፣ ፕሮግራም መጻፍ ተማሪ» ያለኝን አንቺም ሰምተሻል። ስቀሽ ነበር። ከዚያ በየማለዳው አንድ መልመጃ በኢሜይል ይልክልኛል፤ እኔ ስፌት ቤት ከመሄዴ በፊት ሠርቼ እመልሳለሁ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ስሜን እንዲጽፍ አዘዝኩት። ቀጥሎ ደጋግሞ እንዲጽፍ። ማቆሚያውን ሳልነግረው ቀርቼ ስሜ እንደ ጎርፍ ሲወርድ ደንግጬ ከሶኬቱ ነቀልኩት። ልጄ በስልክ ሳል እስኪይዘው ሳቀብኝ። «ኮምፒውተር ታዛዥ ደንቆሮ ነው፣ እማ፤ ያልነገርሽውን አያውቅም፣ የነገርሽውን አይተውም» አለኝ። ቅንፍ ከፍቼ ሳልዘጋ ስልክለት ደግሞ «በሩን ከፍተሽው ሄድሽ፣ ብርድ ገባ» ብሎ ይጽፍልኛል።

ስፌት ቤት «ኢንጂነሯ መጣች!» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ጨርቅ የምትቆርጠዋ ሴትዮማ «እስቲ ይህን የስፌት መኪና እዘዢልን፣ ክር አይበጥስ» ትለኛለች።

ከዚያ የልጄ ስልክ ቀረ። አንቺ ደውለሽ ጉሮሮው ታሟል፣ ሐኪም እንዳያወራ ከልክሎታል አልሽኝ። መልመጃው ስላልቀረ አመንኩሽ። እጁ ከሠራ ደህና ነው ብዬ። ስፌት ቤት ግን ኢንጂነር የሚለኝ ጠፋ። መልመጃዬን ሳወራ ቆራጯ ጨርቁ ላይ አቀርቅራ ትቀራለች። የተቀየመችኝ መስሎኝ፣ ምን አድርጌያት ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ።

አንድ ቀን የመጣው መልመጃ ስለ «ከሆነ» እና «ካልሆነ» ነበር። አንድ ነገር ከሆነ ኮምፒውተሩ ይህን ይበል፣ ካልሆነ ያን ይበል ብለሽ እዘዢ ይላል። እኔም ልጄን ልኮርኩረው ብዬ፣ ልጄ ከደወለ «እልል» በል፣ ካልደወለ «ጠብቂ» በል ብዬ ላክሁ። ወዲያው ይመጣ የነበረው መልስ እስከ ማታ ቆየ። «በጣም ጥሩ ነው። ቅንፉን ግን መዝጋት ረስተዋል» ይላል።

መጀመሪያ፣ የረሱት እነማን ናቸው ብዬ አሰብኩ። ደግሜ ሳነበው ለካ እኔ ነኝ። ልጄ አንቱ ብሎኝ አያውቅም፤ ሲቆጣ እንኳ አንቺ ነው የሚለኝ። ከቤተሰቡ ሁሉ «ይቀመጡ፣ አይድከሙ፣ እኔ አነሳዋለሁ» የምትይኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

ወንድሜ ጋ ሄድኩ። በሩን ሲከፍትልኝ፣ ልጄን ምን አደረጋችሁት አልኩት። ምን ማለትሽ ነው አላለኝም። ማን ነገረሽ አለኝ።

ለደም ግፊቴ አስባችሁ ነው አሉ። ደንግጣ እንዳትወድቅ ብላችሁ ነው አሉ። እናንተ ቀብራችሁታል፤ አልቅሳችኋል፤ ሰው አቅፎ አጽናንቷችኋል። ያን ቀን እኔ የት ነበርኩ? መልመጃዬ ተሳካልኝ ብዬ ላገኘሁት ሁሉ ሳወራ ነበር። ልጄን የወሰደውን ፈጣሪ አልከራከረውም። ለቅሶዬን የወሰዳችሁብኝ ግን እናንተ ናችሁ። ከሁሉም አንቺ። በልጄ አንደበት ገብተሽ አሞኘሽኝ። «ብርድ ገባ» የሚለውን ቀልዱን ሳይቀር ጽፈሽልኛል፤ እኔም ስቄአለሁ።

«ካልደወለ» የሚለውን ስታነቢ ምን እንደሆንሽ አይጠፋኝም። መልሱ ለምን እስከ ማታ እንደቆየም አይጠፋኝም። ቢሆንም ተቀይሜሻለሁ።

ከወንድሜ ቤት ከተመለስኩ በኋላም የላክሻቸውን መልመጃዎች ሠርቼ መልሼልሻለሁ። እያወቅሁ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። አንቺስ ለምን አላቆምሽም?

አሁን ግን ይብቃን። ወንድሜ ማን ነገረሽ አለኝ እንጂ ሞተ አላለኝም። ቃሉን በአፉ ያወጣልኝ ሰው የለምና እኔም አላለቀስኩም። ከአንቺ በቀር ከማንም መስማት አልፈልግም። መልመጃውን ተይውና ራስሽ ነይ። ዘመድ እንዳታስከትዪ። ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ዓይን ዓይኔን እያየሽ ሞተ በይኝ። ታመመ፣ ደከመ እያልሽ እንዳታዞሪኝ። መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ፣ የትኛውን ሸሚዝ እንዳለበሳችሁት ንገሪኝ። ከዚያ እጮህብሻለሁ፤ ዝም ብለሽ ስሚኝ። ጩኸቴን ስጨርስ ወዴትም እንዳትሄጂ። የእሱን አልጋ አንጥፌልሻለሁ።

መንገድሽን ያቅናልሽ። ብቻሽን ያሳለፍሻቸውን ማለዳዎች እሱ ፈጣሪ ይካስሽ።

እስክትመጪ ዓይኗ የደረቀ፣
አማትሽ