በፍልሰታ ሥጋ ያበላው ደጃዝማች

ለልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ሳል ለቀቀሽ? አጎበሩን ትዘረጊያለሽ ወይስ አጣጥፈሽ አስቀመጥሽው? ዘንድሮ ባሕር ዳር ወባው በርትቷል ይላሉ። እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፤ ላሟ ወልዳለች። በስልክ ያልነገርሁሽ፣ በደወልሁ ቁጥር አባ ክፍል ልገባ ነው እያልሽ ስለምትዘጊብኝ ነው። ወረቀት አይዘጋም።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልግባ። በቅደም ተከተል እነግርሻለሁ።

አንደኛ፣ አንብበህ አስተያየትህን ጻፍልኝ ብለሽ የላክሽልኝ የታሪክ ልብ ወለድ። የት የት እንዳነበብሁት ታውቂያለሽ? ወፍጮ ቤቱ መብራት ሲጠፋበት፣ ሽንዲ ለቅሶ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ የእድር ስብሰባ ላይ ከሰው ጀርባ ተከልዬ። ገጹ ሁሉ ዱቄት ለብሷል። እንዲያ ሆኜ አንብቤ ነው፣ ደጃዝማቹ በፍልሰታ ጾም ሰንጋ ጥሎ ለሠራዊቱ ግብር ያበላል፣ በዚያው ሰሞን በክረምት የሞላውን የአገራችንን ወንዝ፣ ብርን፣ በበቅሎ ይሻገራል፣ ደራሲው ጾሙንም ክረምቱንም አያውቅም ብዬ የጻፍሁልሽ። አንቺ የመጻሕፍት ቴሌግራሙ ላይ ስታወጪው ግን ይኼ ሁሉ የለም። ያረጋል ከፍኖተ ሰላም ብለሽ፣ በስሜ፣ ዘመኑን በዓይናችን ያሳየ ድንቅ ሥራ ይላል።

ድንቅ የሚለውን ቃል እኔ ለመጽሐፍ ተጠቅሜ አላውቅም።

በምን አወቅህ ትይ ይሆናል፣ የኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ነውና። መሪጌታ ቴዎፍሎስ ጤፋቸውን ሊያስፈጩ መጥተው ከስልካቸው አነበቡልኝ፣ ያውም ወረፋ በያዘው ሰው ፊት። ያረጋል፣ በፍልሰታ ሥጋ የሚያበላውን ሰው አመሰገንኸው፤ ለአንተም ሻኛው ደርሶህ ይሆን አሉኝ። ሀብትነሽ ደግሞ፣ ያቺ ምላሷ የማያርፈው ጎረቤታችን፣ አይ የኔታ፣ ዱቄታችን ቅቤ ቅቤ የሸተተን ለካ ከዚህ ነው አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ይኼን ሁሉ ዘመን ሚዛን ሳላዛባ በኖርሁበት ቤት ነው የተሳቀብኝ።

ሁለተኛ፣ የወንጀል ምርመራው መጽሐፍ። ገዳዩ የሟች ወንድም መሆኑ ገና ከመግቢያው ይታወቃል፣ መርማሪው ግን ዓይኑ ሥር ያለውን ሳያይ መጽሐፉ ያልቃል ብዬ ነበር። አንቺ እስከ መጨረሻው ልብ የሚያንጠለጥል አደረግሽው። የኔ ልብ አልተንጠለጠለም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ዘገየብኝ። ወረቀቶቼን የሚያመላልሰውን ደጀኔን፣ የሚኒባሱን ሾፌር፣ የጻፍሁት አይደርሳትም ወይ፣ ለማን ነው የምትሰጠው ብዬ ጮህሁበት። ምነው አያ ያረጋል፣ ለራሷ ነው እንጂ፤ ከመጽሐፍ መደብሩ ባንኮኒ ኋላ ሆና ትቀበለኛለች፤ ጧት የምትከፍትም እሷ፣ ማታ የምትዘጋም እሷ፣ ከአምና ጀምሮ አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና ጎማውን መፈተሽ ጀመረ። እኔም እንደሚያውቅ ሰው፣ አዎን፣ እሱማ ነው አልሁት።

መጽሐፎቹ ለምን እንደተወደሱ ያኔ ገባኝ። ስሜን እንደ ገበያ ለፋፊ አቆምሽው። መሸጥ ካለብሽ ምነው ደህናውን መጽሐፍ አልላክሽልኝም? ደህናውን ደህና ነው ብዬ እጽፍልሽ አልነበረም? በኔ አፍ የራስሽን ቃል ከምትናገሪ፣ አባ ነገሩ እንዲህ ሆነብኝ ማለት ይከብድሽ ነበር? እንዲህ የምፈራ አባት ነኝ?

እናትሽ፣ ልጄ ፋርማሲ ሦስተኛ ዓመት ደረሰች እያለች ለማንኩሳ ዘመድ ሁሉ ታወራለች። ትናንትም ስታወራ አጠገቧ ነበርሁ። አላቋረጥኋትም።

የጻፍሁትን እንደጻፍሁት መልሰሽ አውጪው። ይኼን አልለምንሽም፣ አዝሻለሁ። መደብሩ ቅር ካለው ይበለው፤ ጉዳዩን ለኔ ተዪው።

ቁጣው በዚህ ይብቃ። የአባቶቻችን አምላክ ከክፉ ሰው፣ ከክፉ ቀን ይሰውርሽ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። በሄድሽበት ሞገስ ይስጥሽ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። እንደ ሌላው ጊዜ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆመሽ አትጠብቂኝ፤ ፀሐዩ ይመታሻል። ሥራ ሳትፈቺ እዚያው መደብሩ ውስጥ ሁኚ፤ ደጀኔ ቤቱን ያውቀዋል።

የተቆጣው አባትሽ