አርባ ሰባተኛው ካርድ

ውድ ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎት ልጅዎ ናት። ሐኪሙ «ፊደል መለየት ትተዋል፤ ሲነገራቸው ግን ይሰማሉ። ምን ያህሉ እንደሚገባቸው እኛም አናውቅም» ብሏታል። ስለዚህ እህቴ፣ እባክሽ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። መሐል ላይ የሚያስቆጣሽ ነገር ታገኛለሽ። ተቆጪ፣ ግን አታቋርጪ። ስትጨርሺ ደውለሽ አፍሽ ላይ የመጣልሽን ሁሉ በይኝ።

ጋሼ፣ መዝገበ ቃላታችን ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። እንዴት ደስ አይለኝም! ግን አላለኝም። ለሦስት ወር ልተይብ መጥቼ አሥራ አንድ ዓመት የከረምኩበት ሥራ አለቀ፣ እኔም ዕቃዬን በካርቶን ሞልቼ ጠረጴዛዎ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ወንበርዎ ላይ አልተቀመጥኩም፤ ዘበኛው ገብቶ «ታዲያ ወንበሩ ምን አደረገሽ?» ብሎኝ ሄደ።

የመጀመሪያ ቀኔ ትዝ ይልዎታል? መሳቢያ ስበው «ይህቺን እያት» አሉኝ። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል፣ «ራን» (run)። «ሦስት ፊደል ናት፤ አራት ዓመት ትበላናለች» አሉ። የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። ሮጠ ነዋ! ሕፃን የሚያውቀው። እርስዎ ግን አልሳቁም። እነሱ ሰውንም፣ ወንዝንም፣ ሞተርንም፣ አፍንጫንም፣ ሱቅንም በዚህችው በአንዲቷ ቃል ያስሮጣሉ። በኛ ደግሞ ሰው ይሮጣል፣ ወንዝ ይወርዳል፣ ሞተር ይሠራል፣ አፍንጫ ይፈሳል፣ ሱቅ ይተዳደራል። ስቶኪንግ ይተረተራል፣ ለምርጫ ይወዳደራሉ፣ ቴአትር ለወራት ይታያል። አንዱን ስንይዘው ሌላው ሲያመልጠን፣ አራት ዓመት አልበቃንም፤ ስድስት ሆነ።

ደግሞ ያቺ ሕግዎ! «ከሰው አፍ ያልወጣ አይገባም።» ከሌላ መዝገበ ቃላት መቅዳት ነውር ነበር። እያንዳንዱ ትርጉም የራሱ ካርድ፣ በካርዱ መሐል አንድ ሰው በእርግጥ የተናገረው ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ የኛ ቋንቋ ፍቺ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የተሰማበት ቦታ። ጋራዥ። አውቶቡስ ፌርማታ። የጥርስ ሐኪም ተራ መጠበቂያ። አንድ ቀን ሸሚዝዎን ሊያወጡ ልብስ አጣቢ ቤት ሄደው አንዲት ፈረንጅ ቀሚሷ ቀለም ስለለቀቀ ስትጮህ ሰሙ፤ ሴትዮዋ ባለቤቱን ትሰድባለች፣ እርስዎ ከጎኗ ቆመው በደስታ ይጽፋሉ። «እኔ ስጮህ አንተን ምን ያስቅሃል?» ብላ ልትመታዎት ነበር። ሸሚዙን ረስተው ካርዱን ይዘው መጡ። የራን ሠላሳ አንደኛዋ ካርድ ናት።

እኔን ደግሞ መቀስ ብለው ሰየሙኝ። የተደገመ አወጣለሁ፣ የረዘመ አሳጥራለሁ፣ የተሳሳተ እጥላለሁ። «መቀሴ ባትኖር ይህ መጽሐፍ በጋሪ ነበር የሚሸጠው» ይሉኝ ነበር ለእንግዳ ሁሉ። እንዴት እኮራበት እንደነበር አልነገርኩዎትም። ከዚያ በፊት ማንም ስም አውጥቶልኝ አያውቅም።

እትዬ፣ ባለቤትዎ፣ በየቀኑ ረፋድ ላይ ትደውል ነበር። ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ከሰላምታ በፊት «ጣውንቴ እንዴት አደረች?» ትለኛለች። ጣውንቷ ራን ናት። «ዛሬም አልጨረሱም» ስላት «እሱማ ከኔ ጋር አርባ ዓመት ኖሮ ትርጉሜ አንድ ብቻ ነው የሚመስለው፤ ለሷ ግን አርባ ያወጣላታል!» ብላ ትስቃለች። ማታ ማታ ካርዶቹን ጮክ ብለው እንደሚያነቡላት አውቃለሁ። እንግሊዝኛ አትችልም፣ ግን ከእርስዎ ንባብ እየለቀመች አንዳንድ ቃል ጣል ታደርግብኝ ነበር፤ ሁሉንም ያለቦታው። እኔም በስልኩ ወዲህ ሆኜ፣ መቀስ አይደለሁ፣ አርማታለሁ። አንድም ቀን አልተቀየመችኝም።

ከዚያ ታመመች። ከዚያ አለፈች።

በሳምንቱ ሥራ ገቡ። ኮትዎን ሳያወልቁ የራንን መሳቢያ ስበው አንድ ካርድ ከመጨረሻው ካርድ ኋላ አስገቡና ዘጉት። ለኔ አላሳዩኝም። እኔም ሐዘን ላይ ያለ ሰው አልጠይቅም ብዬ ተውኩት። ምነው በጠየቅኩ!

ወር ሳይሞላ ሥራ አስኪያጁ «ለአንዲት ቃል ስምንት ገጽ? ወደ ስድስት አውርዱት» አለን። እርስዎ ሐኪም ቤት ሂሳብ ሊዘጉ ሄደው ነበር። ብቻዬን መሳቢያውን አወጣሁና ከአንድ እስከ አርባ ስድስት ገመገምኩ። አርባ ሰባተኛው ላይ ደረስኩ። እንግሊዝኛው ልክ አልነበረም። ፍቺው መደርደሪያችን ላይ ካሉት ሰባት መዝገበ ቃላት በአንዱም የለም። ፊደሉ ተንቀጥቅጧል። ጥግ ላይ የተጻፈው «እቤት» ብቻ ነው። ጋሼ፣ በሐዘኑ ብዛት ሥራው ጠፍቶባቸዋል ብዬ አሰብኩ። ማተሚያ ቤት ሄዶ ሰው ቢስቅብዎትስ? ላድንዎት ፈለግኩ። እውነቴን ነው፣ ለእርስዎ ያሰብኩ መስሎኝ ነው።

ካርዱን ለሁለት ቀድጄ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። አሥር ሰዓት ላይ ጽዳቷ መጥታ ቅርጫቱን አራገፈችው።

ይኸው፣ ተናገርኩት። እኔ ነኝ የጣልኩት።

በማግስቱ መሳቢያውን ሲስቡ አየሁዎት። በአውራ ጣትዎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለፉበት፣ ደግመው አለፉበት። «መቀሴ፣ እዚህ ውስጥ የነካሽው ካርድ አለ?» አሉኝ።

«ኧረ አልነካሁም» አልኩ። ሳላስብ ነው ከአፌ የወጣው። ከወጣ በኋላ ግን ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ፣ ሙሉ ቀን፣ ሙሉ ሳምንት።

ያን ሰሞን ቢሮውን ገለበጡት። ከቁም ሣጥኑ ኋላ፣ ከምንጣፉ ሥር፣ ከመጋረጃው ጠርዝ። አንድ ካርድ እንዲህ ማሰስዎ ግራ ገብቶኝ፣ ደግሞም ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ፣ «ጋሼ፣ እንደገና ቢጽፉትስ? ዓረፍተ ነገሩን ያውቁት የለ?» አልኩዎት።

ወለሉ ላይ ተንበርክከው ነበር። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «አውቀዋለሁ» አሉ። «የጻፈችው ግን እሷ ናት። በራሷ እጅ። ተኝታ፣ ትራስ ላይ አስደግፋ። ለጣውንቴ የኔንም አንድ አስገባልኝ ብላ።»

ከዚያ በኋላማ እንዴት ብዬ ልናገር? እርስዎ ግን አልጠረጠሩኝም። «እኔው ሌላ ፊደል ውስጥ ወትፌው ይሆናል፣ ቀልብ የለኝም» ብለው ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረው መሳቢያ በመሳቢያ ያወጡ ጀመር። ከኤ። እኔ ከጎንዎ ሆኜ መሳቢያ አቀብልዎታለሁ! እንደሌለ እያወቅኩ፣ የምፈልግ መስዬ፣ «ቢ ተራው ነው ጋሼ፣ ሲ ተራው ነው ጋሼ» እያልኩ። ኤም ላይ ሲደርሱ አንድ ካርድ እንደያዙ ወደ ጎን አዘንብለው ወደቁ፤ አንደበትዎም ያኔ ተያዘ። ዘበኛውን የጠራሁት እኔ ነኝ። ከእጅዎ ካርዱን ያስለቀቅኩትም እኔ ነኝ።

ልጅዎ ወደ ከተማዋ ከወሰደችዎት በኋላ አልደወልኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነው እል ነበር። ባለፈው ወር እሷው ደወለች።

«መቀስ፣ አባዬ ምን ጠፍቶበት ነው?» አለችኝ።

«እንዴት?» አልኳት።

«ቀኑን ሙሉ የአልጋ ልብሱን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ሲያገላብጥ ይውላል። ጋዜጣ ብሰጠው ጋዜጣውን፣ ፎጣ ብሰጠው ፎጣውን። አንቺ ታውቂ ይሆናል ብዬ ነው።»

«እንጃ» አልኳት። ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ያን ቀን አንቺንም ዋሸሁሽ። ከዚያ እንደምንም አፌን ከፍቼ፣ እናትሽ በእንግሊዝኛ ምን ትል ነበር ብዬ ጠየቅኩሽ። «እማዬ? እማዬ እኮ እንግሊዝኛ አታውቅም። አንድ ነገር ትልና ሁለቱ ሆነው ይንከተከታሉ፤ እኛ ምኑም አይገባን» አልሽኝ። ተስፋዬ እዚያ ላይ አለቀ።

ጋሼ፣ አርባ ስድስቱን ካርድ ከነነጥባቸው በቃሌ እልልዎታለሁ። አርባ ሰባተኛውን ግን አላስታውሰውም። ተቀምጬ ጭንቅላቴን ይዤ ሞክሬያለሁ። ቀለሙ አረንጓዴ እንደነበር አውቃለሁ። ራን አንድ ጊዜ ተሰርዛ እንደገና መጻፏን አውቃለሁ። የመጨረሻው ቃል ቦታ አልበቃው ብሎ በካርዱ ጠርዝ ወደ ታች እንደወረደ አውቃለሁ። ምን እንደሚል ግን! ስህተት በቃሌ አልይዝም፤ ኩራቴ እሱ ነበር። እንደ እትዬ ሆኜ ልጽፍላት ሞክሬ ሃያ ዓረፍተ ነገር ሠራሁ። ሃያውም ትክክል ናቸው። ስለዚህ አንዱም የእሷ አይደለም። አሁን ዓረፍተ ነገሩን የሚያውቀው በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው፣ እሱም አንደበቱ ተይዟል።

ያለፈው ቅዳሜ የመጣሁት ልናገር ነበር። መሳቢያውን ጭኔ ላይ አድርጌ አራት ሰዓት በአውቶቡስ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «የሟች አጽም ነው እንዴ?» ብለውኛል። አልጋዎ ጫፍ ላይ ሳስቀምጥልዎት ፊትዎ እንዴት እንደበራ ልጅዎም አይታለች። አውራ ጣትዎ ሥራውን አልረሳም። ከአንድ ጀምሮ፣ አንድም ሳይዘል፣ እስከ አርባ ስድስት። እዚያ ሲደርሱ ጣትዎ ባዶው ላይ ቆመ። ወደ አንድ ተመለሱ። እንደገና አርባ ስድስት፣ እንደገና ባዶ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን መሳቢያውን ትተው ቀጥ ብለው አዩኝና እጅዎን ዘረጉልኝ፣ መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው።

ያን ጊዜ ምን እንዳልኩ ያውቃሉ። «ሻይ ላፍላልዎት?» አልኩ።

ወጥ ቤት ገብቼ ንጹሕ ስኒ አጠብኩ። አንድ በአንድ፣ ሁሉንም። ስመለስ እንቅልፍ ወስዶዎታል። እጅዎ ግን ብርድ ልብሱ ላይ እንደተዘረጋ ነው። ልጅዎን ተሰናብቼ ወጣሁ፤ መሳቢያውን እዚያው ትቼው።

ያወቁብኝ ይሁን፣ ወይስ ውኃ ፈልገው፣ ወይስ እጅዎ እንዲያው በራሱ የተዘረጋ ይሁን፣ እንጃ። ለአንዲት ቃል አርባ ስድስት ትርጉም የለቀምኩ ሴት፣ የአንድ የተዘረጋ እጅ ትርጉም አቃተኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ትናንት የመጨረሻው እርማት መጣ። ራን ላይ፣ ከአርባ ስድስት ቀጥሎ «47» ብዬ አስገባሁ። ፍቺ የለውም፣ ምሳሌ የለውም። በቅንፍ «እቤት የተሰማ» ይላል፣ በቃ።

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ባዶ ቁጥር?» አለኝ።

«ባዶ አይደለም። ካርዱን ስለጣልኩት ነው» አልኩት። መጀመሪያ የነገርኩት ሰው እሱ መሆኑ ያናድደኛል፤ እርስዎ መሆን ነበረብዎት።

«ታዲያ ቁጥሩን ቁረጪዋ! መቀስ አይደለሽ?»

«አልቆርጥም» አልኩ። ብዙ ተነጋገርን፣ ድምፄም ሳይወጣ አልቀረም፣ ዘበኛው በበሩ አንገቱን አስገብቶ ነበር። በመጨረሻ «እንደፈለግሽ፣ ሰው የማተሚያ ቤት ስህተት ነው ይላል» ብሎ ፈረመ። ይበል። ትልቁ መጽሐፍ ውስጥ ያለችው የእትዬ ቦታ ያቺ ቁጥር ብቻ ናት፣ ከዚያ የተሻለ የምሰጣት የለኝም።

ይቅር ይበሉኝ ልል ነበር። ግን «ይቅር» ማለት ለማይችል ሰው ይህን መለመን ራሱ በደል ሆኖ ታየኝና ተውኩት። ልጅዎ ይህን አንብባልዎት መሳቢያውን ገፍተው ቢጥሉት ይገባኛል። ምንም ባያደርጉም መምጣቴ አይቀርም።

ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ጋሼ። እጅዎን ከዘረጉልኝ ሻይ አላፈላም።

መቀስ