የቀኙ ክንፍ አሥራ አራት ሪቬቶች

ሰኞ

ሠላሳ ስምንት ሪቬት መታን፤ ሦስቱ ተበላሹ። አንዱን ያጣመምኩት እኔ ነኝ። የአየር መዶሻው ሲንቀጠቀጥ የጌታሁን ፊት መጣብኝና ከሚገባው በላይ ተጫንኩት።

አባዬ ከላሜራው ጀርባ ድፍኑን ብረት ደግፈው ይይዙልኛል። እኔ ከፊት ስመታ ሪቬቱ በእሳቸው ብረት ላይ ተደፍጥጦ ላሜራውን ከአውሮፕላኗ ክንፍ አጥንት ጋር ይቆልፈዋል። ለብቻ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ዕድሜያቸውን በባቡር ሞተር አጠገብ ስለጨረሱ ጆሯቸው ደክሟል፤ ጩኸቱ አይገዳቸውም።

ያን ብረት አራት ዓመት የያዘልኝ የሥራ ጓደኛዬ ጌታሁን ነበር። እዚሁ አዳማ፣ እዚሁ ግቢ፣ የመጀመሪያዋን አውሮፕላን ስንሠራ። አክስቴን ልቀብር ኩየራ ሄጄ በአምስተኛው ቀን ስመለስ አውሮፕላኗ የለችም። አካሏ፣ ሁለቱም ክንፎች፣ ንድፎቼ ሳይቀሩ። ጭኖ ሞጆ ወስዷቸዋል። "ሞተሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የቀረው ቆርቆሮ ነው" አለኝ በስልክ።

ቆርቆሮ!

ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለተኛዋን ከዜሮ ጀምሬያለሁ።

ማክሰኞ

በቴሌቪዥን አየሁት። አረንጓዴ ቀብቷታል። "ብቻዬን ነው የሠራኋት" አለ ክንፏን እየደባበሰ። እሑድ በመልካሳ መንገድ ካለው ሜዳ ሊያበራት ነው።

የደባበሰው ቀኙን ክንፍ ነው። እዚያ ክንፍ ሥር፣ ከአካሏ ጋር በሚገናኝበት፣ አሥራ አራት አጫጭር ሪቬቶች አሉ። የመታኋቸው እኔው ነኝ፤ በስህተት ከሌላ ሳጥን አንስቼ። ጫፋቸው በቅጡ አልተደፈጠጠም። ነቅዬ ልተካቸው በቀይ እርሳስ ከበብኳቸው። በማግስቱ የአክስቴ መርዶ መጣ። ለጌታሁን ሳልነግረው ሄድኩ። እሱ ደግሞ ቀዩን ምልክት አይቶ ምን ይሆን ሳይል ቀለም ቀብቶበታል።

ደስ አለኝ። ለማን ብዬ እዋሻለሁ፤ ደስ አለኝ። ስጸልይ ስሙን ዘለልኩት።

ይውደቅ። ሰው ሁሉ እያየው ይውደቅ።

ረቡዕ

ሃያ አንድ ብቻ። ከዚያ አባዬ አስቆሙኝ። "ምን ሆነሻል ዛሬ?"

ነገርኳቸው። መጮህ ስላለብኝ ጎረቤትም ሳይሰማ አልቀረም።

"ልጁ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"አንቺ ግን ታውቂያለሽ።" ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "የማልሰማስ እኔ ነኝ ሰናይት። አንቺ ምን ሆንሽ?"

ካልነገርሽው ብረቱን አልይዝም አሉ። እሳቸው ናቸው እንዲህ የሚሉኝ! ያን ጊዜ ባዶውን ግቢ አይተው ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። ሳልሰናበታቸው ክፍሌ ገባሁ።

ሐሙስ

ሦስቴ ደወልኩ። አይገባም። ብሎክ አድርጎኛል። በቃ፣ ከእኔ ወረደ አልኩ።

አልወረደም።

ብረቱን በግራ እጄ ይዤ በቀኜ ልመታ ሞከርኩ። ላሜራው ጎደጎደ፤ የሁለት ሳምንት ሥራ ገደል ገባ። አባዬ በረንዳው ላይ ሆነው አይተውኛል። ብረቱን ሊይዙልኝ ግን አልመጡም።

ዓርብ

ሞጆ ሄድኩ። ከከባድ መኪኖቹ ማቆሚያ ጀርባ ያለ መጋዘን ነው። ልታረቅ ወይ ልለምን አልሄድኩም፤ ልበቀል ነው። ስለዚህ ሰው እስኪሰበሰብ ውጭ ቆሜ ጠበቅኩ። ሚስቱ አልማዝ፣ እናቷ፣ ሊመርቁት የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች።

"ቅናት ነው ያመጣሽ" አለኝ ገና ሲያየኝ።

"ይሄ መስመር ስንት ሪቬት አለው?" አልኩት ክንፉን እያሳየሁ። "ርዝመታቸውስ? ብቻህን አይደል የሠራኸው? ንገራቸው እስቲ።"

ሊቆጥር ጎንበስ አለ።

ከቦርሳዬ ክፍተት የምለካበትን ቀጭን ብረት አወጣሁና ከላሜራው ሥር ሰደድኩት። ወረቀት እንኳ መግባት በሌለበት ቦታ ዘው ብሎ ገባ። "ይሄ ክንፍ አየር ላይ ይገነጠላል" አልኳቸው። የአልማዝ እናት በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አልማዝ "ጌታሁን፣ እሑድ በዚህ ልትወጣ ነበር?" አለችው። ፊቱ አመድ መሰለ።

ያን ፊት ዓመቱን ሙሉ ስመኘው ነበር። ጣፈጠኝ፤ አልክድም።

ስወጣ በሩ ድረስ ተከተለኝ። "በእናትሽ፣ ነይና አስተካክዪልኝ።"

"ማን እንደሠራት በቴሌቪዥን ተናገር፤ እመጣለሁ።"

ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ መጋዘኑ ገባ።  

እሑድ

አልበረረም።

ትናንት ከአልጋ ሳልነሳ ዋልኩ፤ ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የተሰበከውን አንድም አልሰማሁ። ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ። ቀትር ካለፈ በኋላ አልማዝ ደወለች። ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተሰብስቦ ሳለ "ነፋሱ በርትቷል" ብሎ በተናቸው።

ነፋስ! ዛሬ ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። ስሜን ለማንም አልጠራም። ይሄ ውሸታም!

"ግን እህቴ" አለችኝ፣ "መጋዘኑ ስንመለስ ክንፉን ፈታው። አንዱ ሪቬት በጥፍሩ ብቻ ወጣ።" ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ምን ልበላት? "አይዞሽ" አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አባዬ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። "አልበረረም" ብዬ ጮህኩላቸው። ራሴን ዳበስ አደረጉኝ።

ይቅር አላልኩትም። ነገም የምል አይመስለኝም። ግን በሕይወት አለ። እንግዲህ ያለ ፍርሃት ልጠላው እችላለሁ።