ከድልድዩ በታች፣ ከእማዬ ጋር

ሜይ 3፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ከዚያ ፀሐይ። ከዚያ ደግሞ ዝናብ። ምን አዲስ ነገር አለ።

የምሠራበት ጸጉር ቤት ከጠዋት ጀምሮ ወከባ ነበር። የመጀመሪያ ቁርባን ቀን ስለሆነ የሰፈሩ ትንንሽ ሴት ልጆች በሙሉ እኔ እጅ ላይ ወደቁ። ጸጉር መጠቅለል፣ ሪባን ማሰር፣ እንባ መጥረግ...

ቤት ስገባ እማዬ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። ወንዙን ታያለች።

«ደህና ዋልሽ?»

«አዎ።»

«ምሳሽን በላሽ?»

«አዎ።»

ሳህኑ ግን እንዳስቀመጥኩት ነው። ከገና በኋላ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ የቀረላት ቃል ይህቺ ብቻ ናት። ስትፈልግም አዎ፣ ሳትፈልግም አዎ። ቀኝ እጇም አልታዘዝ ብሏታል። እኔም የከተማ ክፍሌን ትቼ እዚህ የልጅነት አልጋዬ ላይ እተኛለሁ። እግሬ ከአልጋው ይተርፋል።

ኤንዳ ከአውስትራሊያ ደወለ። ወንድምነቱ በስልክ ነው። «ዲምፕና፣ ከተማ ያለው የአረጋውያን ቤት አስመዝግቤያታለሁ። አልጋ ሲለቀቅ ይጠሩናል። ላንቺ ብዬ ነው» አለኝ። ለእኔ! ማን ለመነው? ግን ስልኩን ስዘጋ ቀለል አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ሜይ 7

እማዬ ጠፋች።

ከሥራ ስመጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንበሯ ባዶ። የዓሣ ማጥመጃ ዘንጓም ከግድግዳው ላይ የለም። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም...

ከድልድዩ በታች አገኘኋት። በነጠላ ጫማዋ ውሃው ውስጥ ቆማለች። ዘንጉ በግራ እጇ ነው፤ ክር የለው፣ መንጠቆ የለው። ጎረቤታችን ኮልማን ክንዷን ይዟል። ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብረው ያጠመዱ ናቸው።

«ወደ ቤት እንሂድ ኦኖራ እላታለሁ፣ አዎ ትለኛለች» አለ። «ንቅንቅ ግን የለም። ከምሳ ሰዓት ጀምሮ እንዲሁ ነን። እግሬ ደርቋል።»

«ምንድን ነው የምትፈልገው?»

እንደ ጅል አየኝ። «ሜይ ነው እኮ! ዓሣው ከባሕር እየገባ ነው። ምን ትፈልጋለች ትያለሽ?»

«በአንድ እጇ እንዴት አድርጋ ታጠምዳለች?»

«አንቺ ሁለት እጅ አለሽ አይደል እንዴ።»

እኔ? ዘንግ ይዤ የማላውቀው? ይህ ወንዝ እናቴን ሲወስድብኝ ነው ያደግኩት። ኤንዳን አስከትላ ትወጣለች፤ እኔ ድንች እልጣለሁ። ጸጉሯ የወንዝ ሽታ ይዞ ትመለሳለች። ያንን ሽታ እስከ ዛሬ አልወደውም።

ሜይ 10

ጉድ ሆንኩ።

ኮልማን የእማዬን የጎማ ሱሪ አለበሰኝ፤ እስከ ብብቴ ይደርሳል። ውስጡ ሌላ ሰው ይበቃል። እማዬን ወንበር አውጥተን ሣሩ ላይ አስቀመጥናት፣ ብርድ ልብስ ጉልበቷ ላይ። መደገፊያ በትሯን ይዛ እንደ ዳኛ ቁጭ አለች።

ክሩ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ዝንብ ከላባና ከክር የተሠራች ናት። ወደ ኋላ ወርውሮ፣ ትንሽ ጠብቆ፣ ወደ ፊት መልቀቅ ነው። ሲያወሩት ቀላል። መጀመሪያ ዛፍ ያዝኩ። ቀጥሎ የኮልማንን ኮፍያ። ከዚያ የራሴን ጸጉር!

«እንዲህ ያለ ትልቅ ዓሣ በዚህ ወንዝ አይቼ አላውቅም» አለ ኮልማን፣ ዝንቧን ከጸጉሬ እየፈታ።

ከኋላችን ድምፅ ሰማሁ። ደነገጥኩ፣ ታማ መሰለኝ። ዞር ስል እማዬ እየሳቀች ነው። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ እየወረደ። ከገና ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

እንዲህ የምትስቅ ከሆነ ሌላም ዛፍ እይዛለሁ።

ሜይ 15

ዛሬ እንግዳ ነገር ሆነ።

ጭጋጉ ወንዙ ላይ ተኝቶ ነበር። ማዶው አይታይም፣ ላም ብቻ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ትጮሃለች። ወረወርኩ፣ ተበላሸ። ወረወርኩ፣ ተበላሸ። እማዬ በበትሯ መሬቱን መታች። ሄጄ አጠገቧ ተንበረከክኩ። በግራ እጇ የእጅ አንጓዬን ያዘችና... አንጎራጎረች።

ቃል የለውም። ዜማ ብቻ። አንዱ ድምፅ ወደ ላይ ረዘም ይላል፣ ትንሽ ዝም ይባላል፣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። እጄን ከድምፁ ጋር ታወጣዋለች፣ ታወርደዋለች። ረዘም... ዝም... ወረድ።

ያቺ ዝምታ ናት ለካ! እኔ አልጠብቅም ነበር። እቸኩላለሁ።

ተመልሼ ውሃው ውስጥ ገባሁ። እሷ ከኋላዬ ታንጎራጉራለች፣ እኔ እወረውራለሁ። ክሩ በጭጋጉ ውስጥ ተዘርግቶ ቀስ ብሎ ውሃው ላይ ተኛ። ምንም አልያዝኩም። ግን እዚያ ቆሜ ራሴን ረሳሁት። ውሃው ነው የሚሄደው ወይስ እኔ? ለረጅም ጊዜ አላወቅኩም።

ሜይ 21

ኮልማን በአሮጌ መኪናው ወደ ላይ ወሰደን፣ ወንዙ ጠባብ ወደሆነበት፣ የባሕሩ ሙላት ወደማይደርስበት። የእሾህ ዛፎቹ በሙሉ ነጭ አበባ ለብሰዋል። ኩኩ ወፍ ከረግረጉ ማዶ ትጣራለች።

አመሻሹ ላይ ዝንቦቹ ከውሃው መነሳት ጀመሩ። እውነተኞቹ። ከታች፣ ከጭቃው ውስጥ ኖረው ኖረው ለአንድ ቀን ክንፍ የሚያወጡት። በመቶ፣ በሺህ... አየሩ ሞላ። የእማዬ ጸጉር ላይ፣ እጇ ላይ፣ ብርድ ልብሷ ላይ አረፉ። ብርሃኑ በክንፋቸው ያልፋል። አላባረረቻቸውም። እሷም ከነሱ ጋር ብድግ ብላ የምትበር መሰለኝ። ዘንጉን ረስቼ እሷን ሳይ ቆየሁ።

በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ቡናማ ትራውት ዓሣ ያዝኩ። የመጀመሪያዬ! ኮልማን «ይህቺን ለመያዝ ከእናቷ ፈቃድ ጠይቀሻል?» ብሎ ቀለደብኝ። ይቀልድ። በቅቤ ጠብሼ ከእማዬ ጋር ተካፈልን። አጥንቷን ሳይቀር መጠጠችው። የወንዝ ሽታ አልወድም ነበር አይደል? ዛሬ አልሸተተኝም።

ሜይ 28

ዕለቱ ሳያልፍብኝ ልጻፈው።

ከድልድዩ በታች ነበርን። ባሕሩ ሞልቶ ወንዙን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ከዚያ ሁለቱም ለጥቂት ደቂቃ ይቆማሉ። ውሃው መስተዋት ይሆናል። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፣ ትንሽ ጨው አለው። «አሁን» አለ ኮልማን በሹክሹክታ፣ «አሁን ነው ከባሕር የሚገቡት።»

እማዬ አንጎራጎረች። ወረወርኩ። ረዘም... ዝም... ወረድ።

ክሩ ተጎተተ። ተጎተተ ሳይሆን ተነጠቀ! ብር የመሰለ ነገር ከውሃው ዘሎ አየር ላይ ተንጠለጠለ፣ የባሕር ትራውት፣ የክንዴን ያህል። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ በሁለት እጄ ጎተትኩ። ጧ! ክሩ ተበጠሰ።

«የውሻ ልጅ!»

ኮልማን አይደለም። እኔም አይደለሁም። ዞርን። እማዬ ናት። እሑድ ቅዳሴ ቀርታ የማታውቀው እናቴ! ጥርት አድርጋ፣ ፊደል ሳትውጥ። እኔን ይሁን ዓሣውን አላውቅም። እሷም አፏን በእጇ ያዘች፣ የሰማችውን ያመነች አትመስልም።

ሮጬ ወጥቼ አቀፍኳት፤ ከነጎማ ሱሪዬ፣ ከነውሃዬ። «ድገሚው እማዬ፣ እባክሽ ድገሚው!»

«አዎ» አለች።

ኮልማን ፊቱን ወደ ድልድዩ አዙሮ ይናፈጣል።

ጁን 2

ኤንዳ ደወለ። አልጋ ተገኝቷል። የአረጋውያን ቤቱ ነርስ በ24 መጥታ እማዬን ታያታለች።

ስድቧን ነገርኩት። ሳቀ። ከዚያ «በእውነት እንደዚያ አለች?» ብሎ ድምፁ ተሰበረ። «ታዲያ ለምን ወደዚያ እንሰዳታለን?» ስለው፣ «አንድ ስድብ ሐኪም አይሆንም፣ ዲምፕና። አንቺም ሕይወት አለሽ» አለኝ።

ሕይወት አለኝ እንዴ? ምን ዓይነት?

ጁን 8

ክፉ ቀን። መጻፍ አልፈለግኩም ነበር።

መታጠቢያ ቤት ወደቀች። አልተጎዳችም። ላነሳት ስሞክር እየገፋችኝ፣ እየተናደደች፣ ሻምፖው ፈስሶ... ጮህኩባት። «አንድ ቀን! አንድ ቀን እንኳ ወንዝ ይዘሽኝ ሄደሽ አታውቂም! ኤንዳን ብቻ! አሁን እኔ ነኝ የማጥብሽ!»

ወለሉ ላይ ተቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«አዎ» አለች።

የትኛው አዎ ነው? እንደ ሌላው ጊዜ ባዶው? ወይስ...

ጁን 9

ዝናብ። አልተነጋገርንም። እሷማ ድሮም አትናገርም። ያኮረፍኩት እኔ ነኝ።

ጁን 11

ኮልማን ዳቦ ይዞ መጣ። እህቱ የጋገረችው፣ ገና ትኩስ። ሻይ አፈላሁለት። እማዬ ተኝታለች። አላስችል አለኝና ጠየቅኩት። ለምን እኔን አልወሰደችኝም?

የጎረሰውን ዋጠ። «እንሂድ ብለሻት ታውቂያለሽ?»

«ልጅ ነበርኩ!»

«በሩ ላይ እጅሽን አጣምረሽ፣ ፊትሽን እንደ ደመና አጥቁረሽ ትቆሚያለሽ። እኔም አስታውሳለሁ። ‹ይህቺ ልጅ ውሃ ትጠላለች፣ እኔንም ከውሃው ጋር› ትለኝ ነበር እናትሽ። አንቺ እስክትጠሪ ጠበቅሽ። እሷ እስክትጠይቂ ጠበቀች። በቃ። ሌላ ምስጢር የለውም።»

ይኸው ነው? ይህን ሁሉ ዓመት?

ቅቤ ቀባና ሌላ ቁራጭ ጎረሰ።

እማዬ ስትነቃ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ነገ ወንዝ ይዘሽኝ ትሄጃለሽ?» አልኳት። እጇን ጉንጬ ላይ አደረገች። ቃል አላወጣችም፣ አዎንም እንኳ።

ጁን 15፣ እሑድ

ያዝኩት!!

ከቅዳሴ በኋላ፣ ባሕሩ ሊመለስ ሲል፣ ከድልድዩ በታች። ሰማዩም ውሃውም አንድ ዓይነት ግራጫ፣ የት እንደሚገናኙ አይለይም። በሕልም ውስጥ የቆምኩ ይመስል ነበር፣ እግሬ መሬት መንካቱን እጠራጠራለሁ። እማዬ ዛሬ አላንጎራጎረችም። ለካ ውስጤ ገብቷል፣ ራሴው እያንጎራጎርኩ ነበር።

ሲነጥቀኝ አልጎተትኩም። ሂድ አልኩት። ሄደ። ሲደክመው ሰበሰብኩ፤ ሲበረታ ለቀቅኩ። ወደ ባሕሩ ሮጠ፣ ወደ ድልድዩ ሮጠ... ኮልማን መረቡን ከሥሩ አስገባ። ጎኑ ላይ ገና የባሕር ቅማል አለበት። ከጨው ውሃ ከወጣ ቀን አልሞላውም ማለት ነው።

እማዬ ጉልበት ላይ አደረግነው። ስትዳስሰው ቆየች፣ እንደተወለደ ሕፃን። ከዚያ ማታ ከድንች ጋር በላነው፣ ሦስታችንም። ኮልማን ሁለት ጊዜ ጨምሮ።

ተኝቼ እንኳ አልጋው በውሃ ላይ የሚሄድ ይመስለኛል።

ጁን 24

ነርሷ መጣች። ወጣት ናት፣ ደግ ፊት አላት። እማዬ ፊት ቁጭ ብላ እጇን ያዘች።

«ኦኖራ፣ እኛ ጋ መጥተው መኖር ይፈልጋሉ?»

«አዎ።»

«አዎዋን እንዳታምኚው» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ሁሉንም አዎ ነው የምትለው።»

«እሺ... እዚሁ ቤትዎ መቅረት ይፈልጋሉ?»

«አዎ።»

ነርሷ ወደኔ አየች። ለቀናት ያሰብኩትን አወጣሁት። «የትም አትሄድም። ሥራዬን እለቃለሁ። ቀንም ሌሊትም እኔው አጠገቧ እሆናለሁ።»

«አይ።»

እማዬ ናት። ጣቷን ወደኔ ቀስራለች። ከንፈሯ እየታገለ፣ አንገቷ ቀልቶ።

«አይ» አለች ደግማ። «አይ። አይ!»

ቃሏን አገኘች፤ ያገኘችውም እኔን ለመከልከል ነው! መጀመሪያ ከፋኝ። ቀጥሎ ገባኝ። ሥራሽን አትልቀቂ ነው የምትለኝ። እዚህ መስኮት ጋ ከኔ ጋር አትቀመጪ።

ነርሷ ብልህ ናት። «የቀን ውሎም አለን» አለች ረጋ ብላ። «በሳምንት ሦስት ቀን በመኪና እንወስድዎታለን፣ የንግግር ሐኪም አለ፣ ማታ ቤትዎ ይመለሳሉ። ይህስ?»

እማዬ አሰበችበት። ወንዙን አየች፣ እኔን አየች።

«አዎ።»

አሁን አይ ማለት እያወቀች ያለችው አዎ ነው። ይህንን አመንኩት።

ጁን 29

ኤንዳ ለገና እመጣለሁ ብሏል። ጎማ ሱሪውን አትስጪብኝ ይላል። ጊዜው አልፎበታል፣ በልኬ አስጠብቤዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ከድልድዩ በታች ወረድን፣ እኔና እሷ ብቻ። ባሕሩ ገና እየገባ ነበር፣ ቀስ እያለ፣ ሣሩን እየላሰ። ክሩን አስገብቼ ዝንቧን አሰርኩ። ልወርድ ስል እማዬ ከወንበሯ ተነሳች። ግራ እጇን ዘረጋች። ዘንጉን ሰጠኋት።

ወንበሩ ላይ እኔ ተቀመጥኩ፣ ብርድ ልብሱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ።

ወረወረች። ክሩ እግሯ ሥር ተከመረ። ደግማ ወረወረች። ትንሽ ራቀ። እኔ አላስቻለኝም። «እማዬ፣ ወደ ኋላ ስታደርጊው ጠብቂ። ክንድሽንም ዝቅ... ቀስ ብለሽ...»

ዞር ብላ አየችኝ። ያ የድሮው ዓይኗ፣ ኤንዳን ቀጥ ታደርግበት የነበረው።

«ዝም በይ» አለች።

ሁለት ቃል። አንድ ላይ፣ አውቃ።

ዝም አልኩ። እሷም ወደ ውሃው ተመልሳ እንደገና ወረወረች።