የእማዬ ጠገራ አይፈተግም

ሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

በአሮጌ ጠገራ ብር ላይ ያለው ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም። ማስታወሻዬ፣ ይህን አስቀድመህ ያዝልኝ። ብሩ በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲዋሃድ የሚለብሰው ልብስ ነው። ፈትገህ ስታነሣው ከብሩም ትቀንሳለህ። ዕድሜ ልኬን ኬሚስትሪ አስተማርሁ፤ ዛሬ አንድ ነጋዴ ፊት ይህን ማስረዳት አቃተኝ።

እማዬ ከመሞቷ በፊት ጠገራዎቿን ለእኔና ለታናሽ እኅቴ ለዘነበች እኩል አካፍላናለች። ዘነበች የምትኖረው ገጠር፣ ኑኑ ቁምባ ነው። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ እየሸፈናቸው ነው። ሕክምናው አዲስ አበባ። ስለዚህ ጠገራዎቹ ይሸጣሉ፤ ተስማምተናል።

የእኔን ድርሻ ይዤ ጨለለቂ ሰፈር ካለው ብር ነጋዴ ዘንድ ሄድሁ። አንዱን በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው። "ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው፣ ያ ባርሲሳ፣ አንቱ መምህር? ከድስት ቂጥ ላይ ነው የፈለቀቁት?" ሱቁ ሙሉ ሳቀ። በሎሚና በአመድ አሽቼ እንድመለስ አዘዘኝ። አዘዘኝ! ሰብስቤ ወጣሁ። ሰላምታም አልሰጠሁ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

መምህር ታደሰ ቤቴ መጣ። ከጎንደር ተመድቦ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር የሚያስተምር ወጣት፤ አሮጌ ገንዘብ ይሰበስባል። እጁን ታጠበ፣ አደረቀ፣ ጠገራውን በጠርዙ ያዘ። በአጉሊ መነጽር አየ። ሁሉንም ሳይጨርስ አልተናገረም። በመጨረሻ ሰው አገኘሁ!

ጠገራው ላይ በተቀረጸችው ሴትዮ ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉት ደቃቅ እንክብሎች አልጠፉም አለኝ። ቢፈተጉ መጀመሪያ የሚያልቁት እነሱ ናቸው። እንዳሉ ይገዛል። ከታጠቡ ግን፣ "ጋሼ፣ አይደውሉልኝ" ብሎ ሳቀ።

ለዘነበች ልነግራት ደወልሁ። ኔትወርክ የለም። ደግሜ ደወልሁ። የለም።

ዓርብ፣ ማታ 1 ሰዓት

ዘነበች በስልክ ተገኘች። ዘግይቻለሁ።

ያ ነጋዴ ለገበያ ኑኑ ቁምባ ወርዶ ነበር። የእሷንም አይቶ ፈትጊያቸው አላት። ፈተገች፤ በሎሚ፣ በአመድ፣ ክንዷ እስኪዝል። ዛሬ ተመልሶ መጣና ምን ቢላት ጥሩ ነው? ተበላሽተዋል፣ አሁን ከብርነታቸው ክብደት በላይ አያወጡም! በዚያው አፍ! የተሳሳተ መልስ አስጠንቶ ዜሮ የሚሰጥ አስተማሪ በዕድሜዬ አላየሁም። ይህ አለማወቅ አይደለም። ዓይኗ የደከመ ሴት ላይ አውቆ የተሠራ ነው። ነገ ሊወስዳቸው ይመጣል አለች።

እኔስ? በእሱ መቆጣት ሲገባኝ እሷ ላይ ጮኽሁ። ሳትጠይቂኝ ለምን ነካሽ አልኋት። እሷ ግን እንዲህ አለችኝ፦

"ጋሼ፣ ጥቁር ሆነው እኮ ዳብሼ ነበር የማውቃቸው። አሁን ወደ ብርሃን ሳዞረው የሴትዮዋ አፍንጫ ይታየኛል። አፍንጫዋ ደግሞ ትልቅ!"

ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልሁም። ራቴን አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ተነሥቼ ወሰንሁ። የእኔን ታደሰ ዛሬ ይወስዳል። ካልበቃ የጎደለውን መሙላት የእኔ ጉዳይ ነው፤ እሷ ማወቅ የለባትም።

ስልኩ ዛሬም አይሠራም። የኑኑ ቁምባ ሚኒባስ ሾፌር ነጋዴው ሳይቀድመው ይደርሳል። ወረቀቱን አንብቦላት መልሷን ያመጣልኛል። የጻፍሁት ይኸው፦

"ዘኑዬ፣ ለሕክምናሽ የእኔ ድርሻ ይበቃል። ያንቺን ለዚያ ሰው አትስጪ፤ በክብደትም ቢል፣ ዋጋ ቢጨምርም። አልተበላሹም። ያንቺ ናቸው፣ እያየሻቸው ተቀመጪ። ስለ ትላንቱ ጩኸቴ ይቅር በይኝ። ሰኞ መጥቼ አዲስ አበባ እወስድሻለሁ። ሾፌሩ እደጅሽ ቆሟል፤ እሺ በይኝና አሁኑኑ መልሺልኝ።"