ከሃያ ሦስተኛው ፎቶ በኋላ

ይድረስ ለእታለም፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ በጤናዬ በኩል ምንም አልሆንኩም።

መልእክትሽ ደርሶኛል። አስታማሚዋ እስከ ቅዳሜ ቤቱን ለቃ ትውጣ ብለሻል። እማዬን ደረጃ ላይ ብቻዋን ለቃ ለሞት ያበቃቻት እሷ ናት ብለሻል። የእጅ ባትሪው ሳይበራ እማዬ ኪስ ውስጥ የተገኘውም እርጅና አምታቶባት ነው ብለሻል። አስታማሚዋ ዘጠኝ ዓመት ያጠበችውን የእማዬን ልብስ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከትታለች፤ አሁን የራሷን እየሸከፈች ነው።

አታስወጫት። እማዬም ምንም አልተምታታባትም።

እማዬ የወደቀች ሌሊት ተኝቼ ነበር ያልኳችሁ ውሸት ነው። ጣራ ላይ ነበርኩ። ያንን ኔቡላ፣ ያንን የጋዝ ደመና፣ በቴሌስኮፕ ለማንሳት ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ስጠብቅ ከርሜአለሁ። አንዱ ፎቶ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ብዙውን አነባብሬ ነው አንድ ምስል የማወጣው። በመሀል የክብሪት ብርሃን እንኳ ከገባ አለቀለት። ለዚህ ነው ወደ ጣራ የሚወጣ ሰው በዳበሳ እንዲወጣ ሕግ ያወጣሁት። እማዬ እንኳ፣ ሰው ሚስት ያጫል፣ የኔው ጉድ ሰማይ ያጫል እያለች ታከብርልኝ ነበር።

የዚያን ለት ግን ባትሪ አብርታ መጣች። ብርድ ይመታዋል ብላ ጃኬት ይዛልኝ ነው። አጥፊው ብዬ ጮህኩባት። ደንግጣ አጠፋችው። ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ እታለም፤ እሷ እኔን። ስትወርድም እንዳታበራው አስጠነቀቅኳት።

ከታች አንድ ነገር ሲወድቅ ሰምቻለሁ። ድመቷ ባልዲ ገለበጠች አልኩ፤ ካሜራው ሥራ ላይ ስለነበር አልተነሳሁም።

ሐኪሙ፣ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ብታደርሷት ኖሮ ያለው ላንቺ ነው።

ፎቶዎቹን አብሬ ልኬልሻለሁ፤ ሠላሳ ስምንት ናቸው። የተነሱበት ሰዓት ከሥራቸው ተጽፏል። ሃያ ሦስተኛው ብርሃን ገብቶበት ነጭ ሆኗል። ከእሱ በኋላ ያሉት አሥራ አምስቱ ጥሩ ወጥተዋል።

ፈጣሪ አንቺንና ልጆችሽን ይጠብቃችሁ። ለአስታማሚዋ ዛሬውኑ ደውዪላት።

ታናሽ ወንድምሽ